ያልተመዘገበ ልጅ አይጠራም

(በአሽዶድ ከተማ፣ በአንድ ማትናስ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለምህንድስና ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

   

ዛሬ የምናገረው ስለ ምዝገባ ነው። ርዕሱን የነገርኳቸው አንዳንድ ወዳጆቼ ሳቁብኝ። «የቤት ችግር አለ፣ የፖሊስ ችግር አለ፣ ጎንደር ላይ የቀሩ ወገኖቻችን ጉዳይ አለ። ይህ ሁሉ እያለ ስለ ቅጽ አሞላል ንግግር ይደረጋል ወይ?» አሉኝ። አዎን፣ ይደረጋል። እስከ መጨረሻው ስሙኝና ፍርዱን እናንተ ስጡ።

በየዓመቱ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችና የምህንድስና ኮሌጆች ለትምህርት ቤት ልጆች ልዩ ቀን ይዘጋጃል። የምህንድስና ተማሪዎች ልጆቹን በቤተ ሙከራ ይቀበሏቸዋል። ልጆቹ ከቀጫጭን እንጨት ድልድይ ሠርተው ስንት ኪሎ እንደሚሸከም ይፈትናሉ፤ ሮቦት ያንቀሳቅሳሉ፤ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግተው መብራት ያበራሉ። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ሳሚ ሻሙን የምህንድስና ኮሌጅ ከቤር ሸቫ ሌላ እዚሁ በአሽዶድ ቅጥር ግቢ አለው። ቤር ሸቫ ውስጥ ቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ሐይፋ ውስጥ ከ1924 ጀምሮ የሚያስተምረው ቴክኒዮን አለ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ቀን መጎብኘት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ መምህራንን በማሠልጠን ሥራ ላይ ስላለሁ ይህን በዓይኔ አይቼ እነግራችኋለሁ። ልጆቻችን በሒሳብ ትምህርት ከፍተኛና ዝቅተኛ እየተባሉ በቡድን መከፈል የሚጀምሩት ገና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በኋላ በባግሩት ሦስት፣ አራት ወይም አምስት ዬሂዶት የሚባለው እዚያ የተወሰነው ነው። የምህንድስና በር በሰፊው የሚከፈተው አምስት ዬሂዶት ላለው ነው፤ በሦስት የጨረሰ ደግሞ ሜኺና ገብቶ ረጅም መንገድ ዞሮ መምጣት አለበት። የ13 ዓመት ልጅ ሒሳቡ ሲከብደው «ለምን እለፋለሁ?» ይላል። መሐንዲስ የሚባል ሰው አይቶ የማያውቅ ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ቤተ ሙከራ ገብቶ በእጁ የሠራው ድልድይ ሲሸከም ያየ ልጅ ግን መልስ አለው። የዚያ ቀን ጥቅም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከከተማችን ውጭ የሚገኝ አንድ ተቋም እንዲህ ያለ ቀን አዘጋጀ። ጥሪው በኢንተርኔት ወጣ፤ ምዝገባውም በኢንተርኔት ብቻ ነበር። የማውቃት አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ መሄድ ፈለገች። ማታ እናቷ ከጽዳት ሥራ እስክትመለስ ጠበቀችና አብረው በፔሌፎን ቅጹን መሙላት ጀመሩ። ቅጹ የወላጅን የትውልድ ቀን፣ ወርና ዓመት ጠየቀ። የእናትየው መታወቂያ ላይ ያለው ዓመቱ ብቻ ነው፤ ቀኑና ወሩ ዜሮ ዜሮ ተብሎ የተጻፈ ነው። ያንኑ ጻፉ። ቅጹ «ስሕተት» ብሎ በቀይ መለሰባቸው። ደግመው ጻፉ፤ አሁንም ስሕተት። ልጅቷ «አንድ ቀን ፈልስመን እንጻፍ» አለች። እናትየዋ ግን «በመንግሥት ወረቀት ላይ ውሸት አልጽፍም» አለች። በማግስቱ ልጅቷ መምህሯን ጠይቃ ስትመለስ ቦታው ሞልቶ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህችን ልጅ ማንም አልከለከላትም፤ «አትምጪ» ያላትም የለም። ያን ቅጽ የሠራውም ሰው ክፉ አይመስለኝም። ነገር ግን ሁሉም ሰው የተወለደበትን ቀን ያውቃል ብሎ አሰበ፤ እኛን አላሰበንም። ልጅቷ ከውጭ የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው።

ምዝገባ ለእኛ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። በ1991 አዲስ አበባ በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ስንጠብቅ ሕይወታችን በሙሉ በመዝገብ ላይ ነበረች። ስሙ የተጻፈ ይሄዳል፤ ያልተጻፈ ይቀራል። በዘመቻ ሰለሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ 14 ሺህ የሚያህል ሕዝብ ሲጫን፣ ቤተሰብ ከቤተሰብ እንዳይለያይ በግንባራችን ላይ ቁጥር ተለጥፎ ነበር። እኔም በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ወረቀቱ ግንባሬን ሲያሳክከኝ ትዝ ይለኛል። እዚህ ስንደርስ ደግሞ የብዙዎቻችን ስም ተለወጠ። ከሚያዝያ ዝናብ በኋላ ወይም በአዝመራ ወራት የተወለደ ሰው ዜሮ ዜሮ ተብሎ ተጻፈ። በአገራችን ልማድ አባት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በስም ይያያዛሉ እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ስለዚህ ወንድማማቾች ሳይቀሩ በሁለት የቤተሰብ ስም የተጻፉበት ጊዜ አለ። የዛሬ 30 ዓመት የተጻፈ ስሕተት ዛሬ በልጆቻችን ፔሌፎን ላይ በቀይ ቀለም ይወጣል ማለት ነው።

ሌላም ታሪክ አለን። ስለ ምህንድስና ስናወራ እንደ ባዕድ ነገር አንየው። አባቶቻችን አንጥረኞች፣ ግንበኞች፣ አናጢዎችና ሸማኔዎች፣ እናቶቻችን ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ወናፍ ነፍቶ፣ ብረቱ የሚቀላበትን ሰዓት በዓይኑ ለክቶ ማረሻ የሚያወጣ ሰው ምን ይባላል? በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደር ዋና ከተማ ስትሆን ከሕዝባችን ግንበኞችና አናጢዎች በነገሥታቱ ሕንጻ ሥራ እንደተካፈሉ በታሪክ ተጽፏል። ለዚህ ሙያችን የተከፈለን ዋጋ ግን «ቡዳ» መባል ነበር። እጃቸው ያወቀውን ሰዎች ጎረቤት ናቃቸው። ዛሬ በዚህ አገር የልጅ ልጆቻቸው በቅጽ ምክንያት ከቤተ ሙከራ በር ከተመለሱ ያሳዝናል።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ እኛው ራሳችን፣ በከተማችን ካሉት የምህንድስና ተማሪዎች ጋር፣ ለእንዲህ ያሉ ቀናት የሚሆን የኢንተርኔት መዝገብ እንሥራ። ተቋማቱንም «ይህን ተጠቀሙበት» እንበላቸው። ሥራው ከባድ አይደለም። ተማሪዎች ሠርተው ያሳዩበት ቦታ አለ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች ከ1988 ጀምሮ «ስፕላሽ» የተባለ ለትምህርት ቤት ልጆች የሚሆን ትልቅ የትምህርት ዝግጅት ያካሂዳሉ። የምዝገባውን ድረ ገጽ የሠሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ወስደው ይሠሩበታል። ከእኛም ቢሆን ሙያው ያላቸው ልጆች ሞልተዋል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የማኅበረሰባችን ልጆች ያቋቋሙት ቴክ ካሪየር ስንት ወጣቶችን ለኮምፒዩተር ሥራ እንዳበቃ ታውቃላችሁ።

መዝገቡ እንዴት ይሠራ? ነጥብ በነጥብ ልናገር።

አንደኛ፣ የማያስፈልገውን አይጠይቅ። አንድ ልጅ ድልድይ እንዲሠራ የእናቱ የትውልድ ቀን ለምን ያስፈልጋል? የልጁ ስም፣ ክፍሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ የወላጅ ስልክ፣ የወላጅ ፈቃድ፣ ለምግብ ወይም ለጤና መታወቅ ያለበት ነገር ካለ እርሱ፤ ይበቃል። ቀን የግድ የሚጠየቅ ከሆነም «ዓመቱን ብቻ አውቃለሁ» የሚል ምርጫ ይኑረው። የወላጅና የልጅ የቤተሰብ ስም የግድ አንድ ይሁን የሚል ማጣሪያ አይግባበት።

ሁለተኛ፣ ስማችንን ይቻል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በዕብራይስጥ በጻዲ ይጽፈዋል፤ ሌላው በቴትና በሳሜኽ ይጽፈዋል። መምህሩ በአንድ መንገድ፣ እናት በሌላ መንገድ ከጻፉ ኮምፒዩተሩ አንዷን ልጅ ሁለት ልጆች አድርጎ ይቆጥራታል፤ አለዚያም በበሩ ላይ «ስምሽ የለም» ትባላለች። ስለዚህ ልጁን የሚለየው የስሙ አጻጻፍ ሳይሆን ሲመዘገብ የሚሰጠው አጭር ቁጥር ይሁን። በፊደላችን መጻፍ ለሚፈልግም ይፈቀድለት። የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር ፊደላት ሠንጠረዥ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ «ኮምፒዩተሩ አይቀበለውም» የሚለው ምክንያት አርጅቷል። ዕብራይስጥ ከቀኝ፣ አማርኛ ከግራ ስለሚጻፍ ገጹ እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ነው፤ ይህን የሚያውቅ ተማሪ በአንድ ቀን ያስተካክለዋል።

ሦስተኛ፣ ኢሜይል የግድ አይሁን። ብዙ ወላጆቻችን ኢሜይል የላቸውም፤ ያላቸውም ልጃቸው የከፈተላቸው ነው። ስልክ ግን ሁሉም አለው። ከዚህም በላይ ስልክ ደውሎ መመዝገብ ይቻል። አንዲት እናት ትደውላለች፤ አንድ ተማሪ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያነጋግራታል፤ እየጠየቀ ይሞላላታል። ትግርኛ ያልኩት በስሕተት አይደለም፤ ከመካከላችን የትግራይ ሰዎች አሉ፤ ሁልጊዜ እየረሳናቸው እናስቀይማቸዋለን። ይሁን እንጂ በስልክ የተመዘገበው በሌላ ደብተር አይጻፍ። መዝገቡ አንድ ይሁን። ሁለት መዝገብ ካለ የስልኩ መዝገብ የድሆች መዝገብ ይሆናል፤ ቦታ ሲጠብም መጀመሪያ የሚረሳው እርሱ ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ተማሪዎች አይጠፉም፤ በ1974 በቫይዝማን ኢንስቲትዩት በተጀመረው በፔራኽ አማካይነት ብዙ ተማሪዎች ለትምህርት ክፍያቸው ድጋፍ እያገኙ ልጆችን ይረዳሉ። ከዚያ የሚወጣ ጥቂት ሰዓት ብዙ ይሠራል።

አራተኛው ነጥብ ከሁሉ የሚበልጥ ነውና ልብ በሉልኝ። «ቀድሞ የተመዘገበ ይገባል» የሚለው ሥርዓት ይቅር። ቤተ ሙከራ ለደኅንነት ሲባል ሕዝብ ሁሉ አይገባበትም፤ ቦታው የተወሰነ ነው። ቀድሞ የመጣ ይግባ ማለት ለሁሉም እኩል ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ የሚመጣው ማን ነው? ቢሮ የሚሠራ፣ ማስታወቂያውን በዕብራይስጥ ወዲያው የሚያነብ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ወላጅ ነው። በዚያ ሰዓት የእኛ እናት መጥረጊያ ይዛለች፤ አባትም በወደቡ ወይም በፋብሪካ ሺፍት ላይ ነው። ማታ ሲገቡ አልቋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጫን ደግሞ ድረ ገጹ ራሱ ይወድቃል፤ የቀረውን አንድ ቦታ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰከንድ ሲነኩት አንድ ወንበር ለሁለት ልጅ የሚሰጥበት ጊዜ አለ።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? እናቶቻችን ያውቁታል። ዕቁብ ነው! በዕቁብ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ አይወስድም። ሁሉም ስሙን ያስገባል፤ ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ሰው ለሌላው እስኪዳረስ ድረስ ዳግመኛ ዕጣ ውስጥ አይገባም። አቅም ያነሰው ከሌላው ጋር በአንድ ዕጣ ይገባል። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ዕጣውም በሰው ፊት ይወጣል። መዝገባችንም እንደዚሁ ይሁን። ምዝገባው ሳምንት ሙሉ ክፍት ይሁን፤ እሑድ የተመዘገበና ሐሙስ ማታ የተመዘገበ እኩል ናቸው። ከዚያ ኮምፒዩተሩ በምስክሮች ፊት ዕጣ ያውጣ። ብቻዋን መሄድ የምታፍር ልጅ ከጓደኛዋ ጋር በአንድ ዕጣ ትያያዝ፤ ከደረሳቸው ሁለቱም ይሂዱ። ያልደረሰው በወጣበት ተራ በተጠባባቂነት ይጻፍ፤ አንድ ልጅ ቢቀር ለቀጣዩ ወዲያው መልእክት ይሂድ። ዘንድሮ ያልደረሰው ለሚመጣው ይቅደም። በዚያው በአሜሪካው «ስፕላሽ» ተማሪዎቹ ለክፍሎቻቸው በዕጣ መመደብን ይጠቀማሉ። እናቶቻችን ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር።

አንዳንድ ሰው «ዕጣ ጎበዙን ከሰነፉ አይለይም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ አይለይም። ግን ይህ ቀን ፈተና አይደለም። ጎበዝ መሆኑን ገና ያላወቀ ልጅ ራሱን የሚያይበት ቀን ነው። በ13 ዓመቱ ማን ጎበዝ እንደሆነ ወስነን ከጨረስን በሩን ባንከፍተውም ይሻላል።

አምስተኛ፣ ስለ አንዲት ትንሽ ሳጥን እናገራለሁ። አንዳንድ ቅጾች «ከኢትዮጵያ የመጣህ ነህን? ምልክት አድርግ» ይላሉ። ሐሳቡ ለመርዳት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በጃንዋሪ 1996 የለገስነው ደም ሳይነገረን እንደሚጣል በጋዜጣ ሲገለጥ፣ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት በሺዎች የወጣን ሕዝብ ነን። አንድ ምልክት ምን ሊያደርግ እንደሚችል እናውቃለን። እዚህ የተወለደ ልጅ ሮቦት ለማየት ሲመዘገብ የአያቱን አገር ለምን ይጠየቃል? እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። «ካልተቆጠርን መቅረታችን እንዴት ይታወቃል?» የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ጥያቄያቸውም ትክክል ነው። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ በሰፈርና በትምህርት ቤት እንቁጠር። በአሽዶድ ሰፈሮቻችን በዕብራይስጥ ፊደላት ይጠራሉ፤ ከየትኛው ፊደል ስንት ልጅ እንደመጣ ካየን ማን እንደቀረ ይታወቃል። ከአንድ ትምህርት ቤት ማንም ካልመጣ ርእሰ መምህሩን እንጠይቃለን። ልጁን ግን ምልክት አንለጥፍበትም። አንድ ጊዜ በግንባራችን ላይ ተለጥፎልናል፤ ያ ለማዳን ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደርሰናል። አሁን ይነሳ።

ከዚሁ ጋር የምስጢር ጉዳይ አለ። የልጆች ስምና ስልክ አደራ ነው። በዚህ አገር የግል ምስጢር ጥበቃ ሕግ ከ1981 ጀምሮ አለ፤ በ2025 ኦገስት ወር ደግሞ የተጠናከረው ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ መዝገቡን የሚከፍቱት የታወቁ ጥቂት ሰዎች ይሁኑ፤ ዝርዝሩ በዋትሳፕ ከእጅ ወደ እጅ አይዙር፤ ለማስታወቂያ ለማንም አይሰጥ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የተወሰነ ጊዜ ጠብቆ ይደምሰስ። በቅጹ መግቢያ ላይም ይህ ሁሉ በአማርኛ፣ በትግርኛና በዕብራይስጥ በአጭሩ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ በድምፅ ይነገር።

በመጨረሻም፣ ምዝገባ ቦታ ሲገኝ አያበቃም፤ ልጁ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ነው። ከሦስት ቀን በፊትና በዋዜማው በስልክ ማስታወሻ ይላክ፤ «አልመጣም» ለማለትም አንድ ቁጥር መጫን ይብቃ። ነጻ ስለሆነ ብቻ ተመዝግቦ የሚቀር ሰው የሌላውን ልጅ ወንበር ባዶ ያደርጋል፤ ይህ እኛንም ይመለከታል። አውቶቡስ ከየት እንደሚነሣ ይጻፍ። ቀኑ ሲመረጥም የእኛ በዓል ይታይ፤ በ2008 በኬኔሴት ሕግ የታወቀው የስግድ በዓል በሄሽቫን 29 ነው፤ በዚያ ቀን ልጆቻችን ከአያቶቻቸው ጋር በኢየሩሳሌም ናቸው። በበሩ ላይ የሚቆመው ተማሪም የልጆቹን ስም አስቀድሞ አንብቦ ይለማመድ። ስሙን አስተካክሎ የጠራውን ሰው ልጅ አይረሳውም።

እንግዲህ ሥራውን እንከፋፈል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እናንተ የምህንድስና ተማሪዎች፣ መዝገቡን ሥሩልን፤ ግን ብቻችሁን አትሥሩት። ሥራው ሳይጠናቀቅ አምስት እናቶችን ጥሩና በአሮጌ ፔሌፎን ሲሞሉ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ዝም ብላችሁ እዩ፤ የት እንደሚቆሙ ጻፉ፤ ያን አስተካክሉና እንደገና ጥሩአቸው። ከዚህ የሚበልጥ ፈተና የለም። መምህራን፣ ጥሪው ሲመጣ ወረቀቱን በልጁ ቦርሳ አስገብታችሁ አትተዉት፤ የወላጁን ስልክ ደውሉ። ወላጆች፣ እናንተ ደግሞ «እኔ አላነብም፣ ልጄ ያውቃል» አትበሉ። ቅጹ ስሕተት ሲላችሁ ስሕተቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል፤ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ድርጅቶቻችን ደግሞ ተቋማቱን በደብዳቤ እንጠይቅ፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ «ይህን አሻሽሉ፤ የተዘጋጀ መዝገብ አለን፤ ውሰዱት» ለማለት ነው።

ያቺን የስምንተኛ ክፍል ልጅ አስቡልኝ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ሒሳብ በየትኛው ቡድን እንደምትማር በቅርቡ ይወሰናል። የሚቀጥለው ጥሪ ከዚያ በፊት ቢደርሳት እመኛለሁ። እናቷ ውሸት ሳትጽፍ፣ ዜሮ ዜሮዋን ይዛ፣ ልጇን የምታስመዘግብበት መዝገብ እስከዚያ ይድረስ። ይህን ለመሥራት የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ከስብሰባው በኋላ ስሙን ይስጠኝ። ደብተር ይዣለሁ፤ የትውልድ ቀን አልጠይቅም።

እግዚአብሔር ያበርታን።